ከቀለበት በፊት ባቡር!

እስቲ ልጠይቃችሁ። እጮኛችሁን ምን ያህል ታውቁታላችሁ? «ሦስት ዓመት አብረን ቆይተናል» ብላችሁ እንዳትመልሱልኝ። ሦስቱን ዓመት የት ነበራችሁ? ካፌ! ማኪያቶ ከፊቱ አስቀምጦ ለሁለት ሰዓት ጨዋ መምሰል የሚያቅተው ሰው አለ እንዴ? እኔ አላየሁም። ሸሚዙን ተኩሶ፣ ሽቶውን ተቀብቶ ከሚመጣ ሰው ጋር በሳምንት ሁለቴ መገናኘት መተዋወቅ አይደለም፤ መጠያየቅ ነው።

ታላላቆቻችን ሰው የሚታወቀው በመንገድና በገንዘብ ነው ይላሉ። እኔ ሁለቱንም ባንዴ ያገኘኋቸው ባቡር ላይ ነው።

«ዲላ ደግሞ ባቡር የት አለና?» ትሉኝ ይሆናል። የለም። እኔ የዲላ ልጅ ነኝ፤ የእናቴ አገር ደግሞ ኢዲዶ ነው፣ ይርጋ ጨፌ በኩል። እኛ አገር ዓይን የሚያርፍበት ባዶ መሬት የለም። ከታች ቡናው፣ ከላዩ እንሰቱ፣ ከእንሰቱ በላይ ትልልቁ ዛፍ ተደራርቦ ነው የሚኖረው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበውም ለዚሁ ነው። እንዲህ ያለ አረንጓዴ ውስጥ ያደገ ሰው በረሃ የሚያየው በቴሌቪዥን ነው።

ታዲያ ባለፈው መስከረም የሰፈራችን የእቁብ ልጆች «እስቲ አንድ ዙር ገንዘባችንን ለጉዞ እናውለው» ተባባልን። ሃያ ሁለት ሆንን። በነፍስ ወከፍ ዘጠኝ ሺህ ብር ተዋጣ፤ አንድ አስጎብኚ ተቀጠረ፤ ገንዘብ ያዥ ደግሞ እኔ ተደረግኩ። ለምን እኔ? «ቋጣሪ ነሽ» ብለውኝ ነዋ! እጮኛዬም ከሃያ ሁለቱ አንዱ ነው። ሽማግሌ ተልኮ አልቋል፣ ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል። ጉዞውን «የላጤነት ስንብት» እያልን ነበር የምንቀልድበት።

በባቡር ወደ ታች

ኮስተር ተኮናትረን ከዲላ ተነሳን። ሐዋሳ፣ ሻሸመኔ፣ ዝዋይ፣ ሞጆ እያልን አዳማ ገብተን አደርን። በማግስቱ ጠዋት ባቡሩ ላይ ወጣን።

አስጎብኚያችን ሃምሳዎቹን ያለፈ የድሬ ሰው ነው። እኛ ትልቅ ሰው ነው ብለን «አንቱ፣ ጋሼ» ስንለው «አንቱ ምንድን ነው አቦ! እኔን አረጀህ ማለታችሁ ነው?» ብሎ ሳቀብን። የድሬ ሰው አንቱታ አያውቅም ሲባል እሰማ ነበር፤ እውነት ነው። እሱ ራሱ ስለፈቀደ እዚህም «አንተ» እያልኩት ልቀጥል።

የባቡሩን ታሪክ የነገረን እንደ አስተማሪ ሳይሆን እንደ ቤቱ ጉዳይ ነው። ዐፄ ምኒልክ የባቡር መስመር እንዲዘረጋ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐዲዱ ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው። ተራራው ግን አላወጣም አለ። ባቡሩ ከተራራው ሥር ቀርቶ በ1895 ዓ.ም. አንድ ሜዳ ላይ ደረሰ። ያ ሜዳ ነው ድሬዳዋ የሆነው። «እኛ አቦ፣ ባቡር ነው የወለደን!» ይላል አስጎብኚያችን። አዲስ አበባ ለመግባት ደግሞ እስከ 1909 ዓ.ም. ፈጀ። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር፣ እዚያ ሙቀት ውስጥ፣ በአካፋና በዶማ።

እኛ የተሳፈርንበት ግን የድሮው አይደለም። በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ነው። በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ የጀመረው። ወንበሮቹ ፊት ለፊት የሚያያዩ ናቸው። ይህን ልብ በሉልኝ! ፊት ለፊት ተቀምጦ ለሰዓታት መሄድ ማለት መደበቂያ የለም ማለት ነው። ማን ምግቡን ለብቻው እንደሚበላ፣ ማን ለአሮጊት ወንበር እንደሚለቅ፣ ማን ሲርበው እንደሚነጫነጭ ሁሉም ይታያል።

ከአዳማ እንደወጣችሁ ምድሩ መውረድ ይጀምራል። እርሻው እየሳሳ፣ ግራሩ እየበዛ፣ አየሩ እየሞቀ ይሄዳል። ወደ መተሐራ ስትጠጉ መሬቱ ይጠቁራል። የተቃጠለ ዳቦ የሚመስለው ድንጋይ ድሮ ከፈንታሌ እሳተ ገሞራ የፈሰሰ ቅልጥ ዐለት ነው። ተራራው ዛሬም አልተኛም፤ በ2017 ዓ.ም. አካባቢው ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው ከቀዬው ወጥቷል። እዚያው ያለው በሰቃ ሐይቅ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ሌላው ሐይቅ ሲደርቅ እሱ ይሰፋል። ከስድሳና ሰባ ዓመት በፊት ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ዛሬ ከአርባ በላይ ሆኗል። ጨዋማ ስለሆነ ለእርሻም ለመጠጥም አይሆንም። «ብዙ ውሃ ስታይ አትጓጓ፣ ቅመሰው መጀመሪያ» አለን አስጎብኚው።

እኔም ያን ቀን የቀመስኩት ነገር ነበረ።

«ከእጮኛሽ ላይ አቀናንሺው»

ከመተሐራ ቀደም ብሎ ከእቁብ ጓደኞቻችን አንዱ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ስሚማ፣ እኔ ላይ የቀረውን ሁለት ሺህ ብር ከእጮኛሽ ላይ አቀናንሺው» አለኝ።

«ከምኑ ላይ?»

«ከብድሩ ነዋ! አሥራ አምስት ሺህ ብር አለኝ እሱ ዘንድ። ሐምሌ ላይ ነው የወሰደው። ለሠርጉ ካርድ ማሳተሚያ ብሎኝ።»

ልብ በሉ፣ ካርዱን ያሳተምኩት እኔ ነኝ፤ በአንድ ሺህ ስምንት መቶ ብር።

ፊት ለፊቴ የተቀመጠችው ልጅ ሰምታ ኖሮ ዓይኗን ወደ መስኮቱ አዞረች። «ምነው?» ብላት «እኔ ምን አገባኝ። ከኔም አሥር ሺህ ወስዷል። ለሷ እንዳትነግሪ ብሎኝ ነው» አለችኝ። ቀና ብዬ አየሁት። ወዲያ ጫፍ ቆሞ ለሁሉም ለስላሳ ያዞራል። ይስቃል፣ ያስቃል። በአበዳሪዎቹ ገንዘብ አበዳሪዎቹን ይጋብዛል!

እናንተዬ፣ በዚያች ሰዓት ምን ይባላል? ሃያ ሁለት ሰው ፊት ጠብ አይነሳ። ባቡር ደግሞ «ወራጅ አለ» ተብሎ አይወረድበት። ዝም አልኩ። ሙቀቱ፣ የሐዲዱ ድምፅ፣ የኔ ሆድ አንድ ላይ ይንጫጫሉ።

አዋሽ ስንደርስ አስጎብኚው ተነሳና «አሁን ወደ መስኮት» አለን። ወንዙ እኛ እንደምናውቀው ወንዝ በሜዳ ላይ አይሄድም። መሬቱን በቢላዋ እንደተቆረጠ ሰንጥቆ ከገደሉ ሥር ነው የሚሄደው። ባቡሩ ከውሃው 60 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ድልድይ ላይ ያልፋል። የሚገርማችሁ፣ ይህ ሁሉ ውሃ ባሕር አይደርስም። አፋር በረሃ ውስጥ ገብቶ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል።

ሰው ሁሉ ሞባይሉን አውጥቶ ፎቶ ሲያነሳ አስጎብኚው ድምፁን ዝቅ አደረገ። በድሮው መስመር፣ በጥር 1977 ዓ.ም.፣ ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ይጓዝ የነበረ ባቡር እዚሁ አዋሽ አጠገብ ጠማማ ድልድይ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱን አልቀነሰም። ፉርጎዎቹ ከሐዲዱ ወጥተው ገደል ገቡ። ከ400 በላይ ሰው አለቀ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ የከፋው እሱ ነው ይባላል።

«ቀጥ ባለው ላይማ ማንም ይነዳል አቦ» አለ፤ «ሰው የሚለየው ሲታጠፍ ነው።»

ፎቶ የሚያነሳው ሁሉ እጁን አወረደ። እኔ ስለነዚያ ሰዎች አዘንኩ፤ ደግሞም ስለራሴ አሰብኩ። የኛ ሠርግ ለጥር ነው። አራት ወር። ወደ መታጠፊያው እየሮጥን ነው፤ ፍሬን የያዘ ሰው ግን የለም።

«ዛሬ በኔ ነው!»

ከሰዓት በኋላ ድሬዳዋ ገባን። አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ ሦስት ሦስት ሆነን በባጃጅ ገባን። በማግስቱ ከዚራን በእግር ዞርን፤ የድሮውን ለገሃርና የቆሙትን አሮጌ ፉርጎዎች አየን፤ ቀፊራ ገበያ ገብተን ሳንቡሳ በላን። የበረሃ ሰው ጨዋታ ይወዳል። ማንም ሰላም ሳይለን አላለፈም። እኛ አገር አረንጓዴው ብዙ ነው፤ እዚያ ደግሞ ሰዉ ነው አረንጓዴው።

ማታ እራት ላይ ጉዱ መጣ። ሁሉም ከጠገበ በኋላ እጮኛዬ ተነስቶ «ዛሬ በኔ ነው!» አለ። ጭብጨባ ቀለጠ። እኔ ግን ገንዘብ ያዥ ነኝ እኮ! እራቱ ከመዋጮው ተከፍሎበታል፤ ደረሰኙ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ጠጋ ብዬ «ተከፍሏል» አልኩት። «ዝም በይ፣ አታሳፍሪኝ» አለኝና ለአስተናጋጁ ሌላ ዙር አዘዘ።

ከእራት በኋላ አስጎብኚው ደቻቱ ድልድይ ላይ ወሰደን። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ያቋርጠዋል፣ ይነግድበታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን ከላይ ከተራራው የዘነበው ዝናብ በሌሊት ወርዶ ከ200 በላይ ሰው ጠርጎ ወሰደ። ሌሎቹ ወደ ማደሪያችን ሲመለሱ እኔና እሱ ወደ ኋላ ቀረን።

«ስንት አለብህ?» አልኩት።

«ከማን ሰማሽ?»

«ከማን ሰማሽ አይደለም መልሱ።»

«አባቴ ቡናውን ሲሸጥ ሁሉም ይዘጋል። ምን አሳሰበሽ?»

«የትኛውን ቡና?»

ዝም አለ። እኛ አገር የሚኖር ሰው ይህ ዝምታ ምን እንደሆነ ያውቃል። ቡናው ገና ዛፍ ላይ ሳለ፣ ሳይቀላ፣ ግማሹ ተሸጧል። ለአዳራሽ ቀብድ፣ ለቪዲዮ፣ ለሊሞዚን! ዲላ ከተማ በእግር ተጀምሮ በእግር የሚያልቅ ከተማ፣ ሊሞዚን!

«ላንቺ ብዬ እኮ ነው» አለኝ በመጨረሻ። «ሰው ምን ይላል?»

ይህቺን «ላንቺ ብዬ ነው» የምትል ቃል ስንቶቻችሁ ሰምታችኋል? ስንሰማት ልባችን ይርዳል፤ እኔም ልቤ ራደ። ግን ዕዳው የሚመጣው ሠርጉ ካለቀ በኋላ ነው። ያኔ ቤቴ ነው የሚገባው። እንግዳው በልቶ ጠጥቶ ይሄዳል፣ ዕዳው ግን አብሮን ያድራል።

«ለኔ ከሆነ እኔ አልጠየቅኩም። ሠርጉ ከጥር ይነሳ» አልኩት።

«ልትተዪኝ ነው?»

«ልተውህ ብፈልግ ቀኑ ይነሳ አልልህም ነበር።»

አንድም ቃል ሳይመልስ ብቻውን ሄደ። በማግስቱ ቀኑን ሙሉ አልቀረበኝም። ማታ ከሴቶቹ ጋር የምተኛበት ክፍል ውስጥ እስኪነጋ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ነገሩ አበቃ ብዬ ለእናቴ የምነግራትን ቃል እስከማሰላሰል ደርሼ ነበር።

አሥራ አንደኛው ስም

በመልሱ ባቡር ላይ ከሚኤሶ ካለፍን በኋላ ግመሎች ሐዲዱን እስኪለቁ ቆምን። መስኮቱ ውጪ የሚታየው አሸዋ፣ እሾህና ሰማይ ነው። ሁለት ትንንሽ እረኞች እኛን ያዩናል፣ እኛም እነሱን እናያለን። ያኔ መጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

«ደብተርሽን ስጪኝ» አለኝ። የመዋጮውን ሂሳብ የምይዝበትን ማለቱ ነው። ሰጠሁት። መጨረሻው ገጽ ላይ መጻፍ ጀመረ። ስም፣ ብር፣ ወር። ስም፣ ብር፣ ወር። ባቡሩ ሲነሳ እጁ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ጽሑፉ የሕፃን ጽሑፍ መሰለ። አሥራ አንድ ስም። ደመርኩት፤ ሦስት መቶ አርባ ሺህ ብር።

አሥራ አንደኛው ስም ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የገዛ አባቴ!

አባቴ ሃምሳ ሺህ ብር አበድሮት ለኔ ትንፍሽ አላለም። ቤት ገብቼ ስጠይቀው «ለልጄ ሠርግ ነው ብሎ የጠየቀኝን ሰው እንዴት ልመልሰው?» አለኝ። እሱም «ሰው ምን ይላል» ፈርቶ ነው። ለካ ሁላችንም የምንሮጠው አንዳችን ሌላችንን ፈርተን ነው!

የሆነው ይህ ነው። ሽማግሌዎቹ ተጠርተው ቀኑ ተነሳ። አንዳንዱ «ልጅቷ ቀልባዋ ሌላ ጋ ሄዷል» ብሎ አወራ። ይውራ። አዳራሹም ሊሞዚኑም ቀሩ፤ ከቀብዱ ግማሹ ተመለሰ፣ ግማሹ ቀልጦ ቀረ። ደብተሩ እኔ ዘንድ ነው። ቡናው ከተሸጠ ወዲህ ከአሥራ አንዱ ስም ሰባቱን በራሱ እጅ ሰርዟል፤ አራት ቀርተዋል። ቀለበት ገና አላሰርኩም። አራቱ ሲሰረዙ ግን እኔ ነኝ ቀን የምቆርጠው። ከዕዳው ይልቅ ያችን ገጽ ለመጻፍ መቀመጡ ነው እኔን ያስቀረኝ።

እንግዲህ ለናንተ

ወደ ምክሩ ልግባ። ልትጋቡ ያሰባችሁ ሁሉ ከቀለበት በፊት አንድ ጊዜ አብራችሁ ረጅም መንገድ ሂዱ። ብቻችሁን ሳይሆን ከሰው ጋር። ሁለት ሆናችሁ ከሄዳችሁ ጫጉላ ነው የሚሆነው፤ ያው ካፌው ረዝሞ መጣ ማለት ነው። በቡድን ሲሆን ግን ወረፋ አለ፣ መዋጮ አለ፣ የሚያዝ መሪ አለ፣ የሚዘገይ ጓደኛ አለ። ጠባይ የሚወጣው እዚያ ላይ ነው። ወላጆችም «ሳትጋቡ አብራችሁ ልታድሩ ነው ወይ?» ብለው አይጨነቁም፤ ሴቱ ከሴት፣ ወንዱ ከወንድ ያድራል።

አንደኛ፣ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ገንዘብ ያዥ ሁኑ። ቦርሳ የያዘ ሰው ወሬ ሳይፈልግ ወሬ ይመጣለታል።

ሁለተኛ፣ አስጎብኚውን፣ ሻንጣ ተሸካሚውን፣ አስተናጋጁን እንዴት እንደሚያናግር እዩ። ዛሬ ለነሱ የሚናገረውን ከሠርግ በኋላ ለናንተ ይናገረዋል። ይህ ለወንዱም ለሴቷም ነው። ሴት ሁሉ መልአክ ናት ያልኩ እንዳይመስላችሁ!

ሦስተኛ፣ ግብዣ ሲበዛ «ከየት መጣ?» በሉ። ለጋስ ሰው ጥሩ ነው፤ ለጋስነቱ ግን በራሱ ገንዘብ ይሁን።

አራተኛ፣ ዕዳ እንዳለ ካወቃችሁ ሰው ፊት አትጠይቁ። ዲላም ሆነ ድሬ ሰው ፊት የተዋረደ ሰው እውነት አይናገርም። ብቻችሁን ሆናችሁ በቁጥር ጠይቁ። «ችግር አለብህ?» ሳይሆን «ስንት?» በሉ።

አምስተኛ፣ ወደዚያ በረሃ ከሄዳችሁ በሰው ቢያንስ ሁለት ሦስት ሊትር ውሃ ያዙ፤ ለራስ መሸፈኛ ነጠላ ወይም ኮፍያ አትርሱ። ሙቀት የማያበሳጨውን ሰው ያበሳጫል። በውሃ ጥም የተጣላችሁትን እንደ ጠባይ እንዳትቆጥሩት።

«በአራት ቀን ጉዞ ሰው ይታወቃል ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። ሁሉ ነገሩ አይታወቅም። ግን ጠማማው ላይ ሲደርስ ፍሬን የሚይዝ ይሁን የማይዝ ይታወቃል። የማይታረቅ ጥፋት አይታችሁ ብትለያዩ እንኳ ከሠርግ በፊት ነው፤ የባቡር ትኬት ከአዳራሽ ቀብድ ይረክሳል።

ቸር ይግጠመን!